አውቶሞቢል በደጋ አገር ስለ ምን ይፈላል?

በደብረ ታቦር ቤት ይዛ የምትኖር እመቤት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም የባቄላና የአተር ንፍሮ በወረታ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ በደብረ ታቦር የሚበስልበት ጊዜ የረዘመ መሆኑ ነው። እንጨቱ እርጥብ ስለ ሆነ ወይም ድስቱ ስለ ከፋ አይደለም። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳና በውሃው ላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚያንስ፣ ውሃው ገና በሚገባ ሳይግል መንተክተክ ይጀምራል። በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,830 ሜትር ያኽል ከፍ ባለችው በወረታ በ94 ገደማ ይፈላል፤ 2,700 ሜትር ያኽል ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር በ91 ይፈላል፤ ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ራስ ላይ ጀበና የሚጥድ እረኛ ቢኖር፣ ቡናው በ86 ወይም በ87 ዲግሪ ይገነፍልበታል።

ይህን የወጥ ቤት ነገር ስለ አውቶሞቢል በሚናገር ጽሑፍ መጀመሪያ ማምጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በብዙ ቤት ያለው አውቶሞቢል ዕድሜው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ነው፤ ሞተሩም የሚበርደው በውሃ ስለ ሆነ የድስቱ ሕግ የሞተሩም ሕግ ነው። ደግሞም ይህ አንድ አሮጌ መኪና በቤቱ ውስጥ የሚይዘው ሥራ ብዙ ነው። ጌታው ወደ መሥሪያ ቤት ይሄድበታል፤ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይደርሱበታል፤ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትወሰደው በእርሱ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ጋለና ቴስታታው የተጣመመ እንደ ሆነ፣ ለማስተካከያ የሚጠየቀው ገንዘብ የአንድ ጸሐፊ የብዙ ወር ደመወዝ ነው፤ ቤቱም እስከዚያ ድረስ ያለ መጓጓዣ ይቀራል። ስለዚህ በሽታው ገና ሲጀምር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በሲሊንደሮቹ ውስጥ ቤንዚን ሲነድ ከሚወጣው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ በብረቱ ዙሪያ የሚሄደው ውሃ ይሸከመዋል። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ውሃው ማኒኮቶ በሚባለው በላይኛው የጎማ ቧንቧ ወደ ራዲያተር ይገባል፤ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል፤ ከዚያም በታችኛው ማኒኮቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በመካከሉ ቴርሞስታት የሚባል በር ጠባቂ አለ፤ እርሱም ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይከለክላል። በብዙዎቹ አሮጌ የጃፓን መኪናዎች ይህ በር በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና በ95 ገደማ ፈጽሞ ይከፈታል። ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚዞር የሆነ እንደ ሆነም፣ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በ90ና በ95 ዲግሪ መካከል ነው።

አሁን አንባቢ ቍጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት። በደብረ ታቦር ክፍት ድስት በ91 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ፣ የሞተሩ ውሃ በሩ ፈጽሞ ሳይከፈት፣ ማራገቢያውም ሳይነሣ በፊት መፍላት ነበረበት። ይህን የሚያግደው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ሰው ክዳኑን እንደ ጠርሙስ ክዳን ውሃው እንዳይደፋ ብቻ የተደረገ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በውስጡ በሞላ የሚጫን ጎማ አለበት፤ በላዩም 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቍጥር ተጽፎበታል። ይህ ቍጥር ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝበትን ኃይል ያመለክታል። 0.9 የተጻፈበት ደኅና ክዳን በደብረ ታቦር የንጹሕ ውሃን መፍያ ከ91 ወደ 113 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ጎማው ደርቆ ሞላው የደከመ እንደ ሆነ ግን የሞተሩ ውሃ ተመልሶ እንደ ክፍት ድስት ይሆናል። በምጥዋ ያለ ሰው በደከመ ክዳን እንኳ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል፤ የጉና ጐረቤት ግን ይህ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ቆላ በሚኖሩ ሰዎች የተጻፈውን የመኪና መጽሐፍ የደጋ ሰው ሲያነብ ክዳኑን ከነገሮች ሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጥር ይገባዋል እላለሁ።

በዚህ ረገድ አንድ የማውቀውን ነገር ልጥቀስ። ወረታ ተቀምጦ በየጊዜው በሥራ ወደ ደብረ ታቦር የሚመላለስ አንድ ሹም አሮጌ ኮሮላ አለው። መኪናው በፎገራ ሜዳ ምንም ነገር አይታይበትም፤ ባሕር ዳርም ደርሶ ሲመለስ ደኅና ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር ሲገባ ግን የተረፈውን ውሃ የሚቀበለው የላስቲክ ዕቃ ይንተከተካል፤ ውሃውም ወደ መሬት ይፈስሳል። አንዱ መካኒክ ራዲያተሩን ነቅሎ አጠበ፤ ሁለተኛው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለ፤ ሦስተኛው ቴስታታው ይነሣ አለ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሹሙን «የሙቀት መለኪያው በዚያ ጊዜ የት ነበረ?» ብሎ አልጠየቀውም። ቢጠይቀው ኖሮ መልሱ «ከመካከል አላለፈም» የሚል ነበረ። ሞተሩ እንደ ወትሮው ሙቀቱን ይዞ ሳለ ውሃው ብቻ የሚፈላ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ሙቀቱ ሳይሆን የማፈኛው መድከም ነው። ዋጋው ከጥቂት ሊትር ቤንዚን ዋጋ ብዙ የማያልፍ ክዳን ተለወጠና ነገሩ አለቀ፤ የተጣለው ቴርሞስታት ግን እንደ ገና ተገዝቶ እስኪገባ ድረስ ባለቤቱ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ፤ የመኪናው ማሞቂያ የሚሞቀው በዚያው በሞተሩ ውሃ ነውና።

ክዳን የሚገዛ ሰው ቍጥሩ ፋብሪካው ካዘዘው ጋር ትክክል መሆኑን ይመልከት። ከታዘዘው የበረታ ክዳን የተሻለ የሚመስለው አለ፤ ያረጀውን ማኒኮቶና የራዲያተሩን ብየዳ ያፈነዳል እንጂ አይጠቅምም።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ ምስክር ቀርቦ «ያ ሰው በደለኛ ነው» ቢል፣ አስቀድሞ መቼና የት እንዳየው ይጠይቀዋል። ለሞተርም ከዚህ የተሻለ አጠያየቅ አላገኘሁም። መኪናው የሚግለው በከተማ ውስጥ ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ብቻ ከሆነና በሜዳ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፣ የጐደለው ነፋስ ነው፤ ማለት ማራገቢያው አይዞርም፣ ወይም ቺንጋው ላልቷል። ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጭኖ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አልፎ የሚረግብ ከሆነ ማጥበቅ፣ የተሰነጣጠቀ ከሆነ መለወጥ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የሆነ እንደ ሆነ ፊውዙን አስቀድሞ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚያች ትንሽ ሽቦ አያልፍም። በአንጻሩ መኪናው በከተማ ደኅና ሆኖ ዳገት ሲወጣ ወይም ሲፈጥን የሚግል ከሆነ፣ የጐደለው ነፋስ ሳይሆን የውሃው መመላለስ ነው፤ የራዲያተሩ ቧንቧዎች በዝገትና በኖራ ተዘግተዋል፣ ወይም የፓምፑ ምላጭ ተበልቷል፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ ለስልሶ ፓምፑ ሲስበው ይጨማደዳል። ፓምፑ ሊሞት የቀረበ እንደ ሆነ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ኩሽኔታውም ይጮኻል።

መኪናው በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚግል ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ማኒኮቶዎች በጥንቃቄ መዳሰስ ነው። የላይኛው እያቃጠለ ራዲያተሩና የታችኛው ማኒኮቶ ቀዝቃዛ ከሆኑ፣ ቴርሞስታቱ እንደ ተዘጋ ቀርቷል፣ ወይም ራዲያተሩ ፈጽሞ ተደፍኗል። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ግን ልጆች እጃቸውን ወደ ማራገቢያው እንዳያስገቡ መከልከል ግድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ በድንገት የሚነሣበት ጊዜ አለ።

ስለ ሙቀት መለኪያው አንድ ቃል ይበቃል። መርፌው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ወደ ታች የወደቀ እንደ ሆነ፣ ነጂው «ተመስገን፣ በረደ» ብሎ ጕዞውን እንዳይቀጥል። ውሃው ጠፍቶ ሙቀት የሚለካው ብልሃት በባዶ ስፍራ ሲቀር መርፌው እንዲህ ይወድቃልና፤ ብዙ ሞተር የሞተው በዚህ ደስታ ነው።

ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ የሚደርሰው ነገር ለብቻው መጻፍ የሚገባው ነው። በዚህ ወራት በደብረ ታቦር ዙሪያና በጋይንት መንገድ ገብስና ጤፍ ይወቃል፤ በአየሩም ገለባ ይበንናል። የዚህ ገለባ እብቅ ከአቧራና ከትንኝ ጋር ተደባልቆ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰገሰጋል፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ በፋና ከኋላ ሲመለከቱት ግን ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማጠብ ውሃው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት መፍሰስ አለበት፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚያጥብ ሰው እብቁን አጥልቆ ይቀብረዋል። ክንፎቹ ቀጭን ስለ ሆኑ በኃይል የሚረጭ ውሃ ያጣምማቸዋል፤ በእርጋታ ማጠብና በለስላሳ ብሩሽ ማገዝ ይሻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በጧት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል።

ስለ ቴርሞስታት ያለኝን አሳብ ሳልደብቅ ልናገር። በአገራችን ጋራዦች አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ «አገሩ ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም» ይባላል። የደብረ ታቦር ጧት ሙቅ አገር ከተባለ፣ በጋቢ ላይ ካባ የሚደርበው ሰው ምን ይበል? ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር እስከ ሥራ ስፍራው ሳይሞቅ ይደርሳል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ ዘይቱ ይበላሻል፤ ብረቱም ያለ ዕድሜው ያልቃል። ከዚህም በላይ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚያስኬደውን በር ሲከፍት በዚያው ጊዜ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል፤ እርሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ትኩስ ውሃ ሳይበርድ ይመለሳል። ስለዚህ ለማብረድ ብሎ ያወጣው ሰው በዳገት ላይ ይበልጥ ሲያግለው ይታያል።

ቴርሞስታቱ ደኅና መሆኑን በቤት መመርመር ይቻላል። በክር አንጠልጥሎ፣ የድስቱን ሥር ሳያስነኩ በውሃ ውስጥ ማፍላትና መከፈቱን መመልከት ነው፤ ድስቱ ግን ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይሁን። እዚህ ላይ የደጋ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። መጽሐፉ «በ95 ዲግሪ ፈጽሞ ይከፈታል» ይላል፤ በደብረ ታቦር ግን የድስት ውሃ ከ91 አያልፍም። ስለዚህ የ82 ዲግሪው ቴርሞስታት እኩሌታውን ብቻ ከፍቶ ቢቆም፣ የ88ቱም ጥቂት ብቻ ቢላወስ፣ ሳይበደል እንዳይፈረድበት። ጥፋተኛ የሚባለው ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ የቀረው፣ ወይም ቀዝቅዞ ሳለ ክፍት ሆኖ የተገኘው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የጓርኒሲዮን መቃጠል ነው፤ ይኸውም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ንጣፍ ነው። ምልክቱ ውሃው የትም ሳይንጠባጠብ በየቀኑ መጕደሉ፣ ሞተሩ ከቀዝቃዛ በተነሣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ፣ በጧት ክዳኑ ተከፍቶ እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሣ አረፋው ሳያቋርጥ መውጣቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ቢያቆም በውስጥ የታሰረ አየር ነውና አያስደንግጥ። ዘይቱ ወተት እንደ ተቀላቀለበት ቡና መሆኑም ትልቅ ምልክት ነው፤ ነገር ግን በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቂት ነጭ ቅባት ይይዛል፤ ይህ የጤዛ ሥራ ነው፤ የሚታመነው በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የሚታየው ነው። ነጭ ጭስም እንዲሁ ነው። በጥር ጧት ሁሉም መኪና ነጭ ይተነፍሳል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጭሱ ነጭ ሆኖ የቀረና ጣፋጭ ሽታ ያለው እንደ ሆነ ግን ወደ ጋራዥ መሄድ ነው፤ በራስ ሞተር ሳይሆን ተጐትቶ።

ፍሬን የሚይዝ ጎማ፣ የዘገየ የእሳት አሰጣጥ፣ የተደፈነ ማርሚታ፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ እነዚህም ሞተርን ያግላሉ፤ መካኒኩ ይያቸው። ቮልስ ያለው አንባቢ ደግሞ እስካሁን ሳቅ ብሎ አንብቦ ይሆናል፤ የእርሱ አሮጌ ቮልስ የሚበርደው በነፋስ ነውና ውሃም ራዲያተርም የለውም። ሆኖም ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው፤ የባትሪው ቀይ መብራት በመንገድ ላይ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና ያን ጊዜውን ይቁም።

አሁን እመቤቶች እንዲያነቡልኝ ወደምፈልገው ስፍራ ደርሻለሁ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት፣ ታፍኖ የነበረው ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና ደረትን ይገሽራል፤ ዓይንም ያጠፋል። በጨርቅ ይዞ መክፈት አይበቃም። የላይኛው ማኒኮቶ በባዶ እጅ ተይዞ የሚያስታግሥ እስኪሆን፣ ይኸውም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜም ልጆችን አርቆ፣ ፊትን ዘወር አድርጎ፣ በቀስታ እንፋሎቱን ማስተንፈስ ነው። በጋለ ሞተር ላይ የምንጭ ውሃ ቸል ብሎ የሚያፈስ ሰውም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው ነገር ኩላንት የሚባለው ባለ ቀለም ውሃ ነው። ብዙው የሚሠራበት መርዝ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል፤ ኵላሊትን አጥፍቶም ይገድላል። በቤታችን ደግሞ የተረፈውን ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ በመደርደሪያ ማስቀመጥ ተለምዷል፤ ለስላሳ መጠጥ የሚመስል አረንጓዴ ነገር በውሃ መጠጫ ጠርሙስ! ይህን ልማድ ዛሬውኑ መተው ይገባል። በመጣበት ዕቃ፣ ተቈልፎ፣ ከልጅ ቁመት በላይ ይቀመጥ፤ የፈሰሰውም ቶሎ ይታጠብ። ጠጥቶ የተገኘ ልጅ ምንም ምልክት ባይታይበትም እንኳ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ መርዝነቱ ግን አይጣል። ዝገትን ይከለክላል፤ የመፍያውን ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ ከበረዶም ይጠብቃል። ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በዚያ በውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ንጹሕ ውሃ ሊረጋና ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። እኩል በእኩል መደባለቅ የተለመደው ነው፤ አንድ እጅ ኩላንት ለሁለት እጅ ውሃ እንኳ ለዚህ አገር ውርጭ ይበቃል። ውሃ ያልገባበት ኩላንት ብቻውን ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ከውሃ ያነሰ ነው። ውሃውም ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ቢሆን፣ ካልተገኘም ከንጹሕ ጣራ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ቢሆን ይሻላል። የምንጭ ውሃ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያስቀረውን ነጭ ቅርፊት የሚያውቅ ሰው፣ ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጭን ቧንቧ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን ስለ ተሠራ እስካሁን የቻይና መንገድ ይባላል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በሰው ትከሻ ነበረ፤ መንገዱንም እየቈፈሩ ብዙ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ያንን ዳገት የሚገፋው ሞተር ነውና ነጂው በሚገባው ማርሽ ይርዳው። በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቁ ከማስወጣት ይልቅ ዝቅ ባለ ማርሽ ፓምፑም ማራገቢያውም ፈጥነው እንዲዞሩ ማድረግ ይበጃል። መርፌው መውጣት ሲጀምር የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ ተሳፋሪው ያልበዋል፣ ሞተሩ ግን ጥቂት ይበርዳል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ነፋስ የሚነፍስ ከሆነ ውሃው ጐድሏልና ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። መርፌው ቀዩን ሳይነካ ዳገቱ ያለቀ እንደ ሆነ ግን ሞተሩን በድንገት ማጥፋት አያስፈልግም፤ ውሃው እየተመላለሰ ሙቀቱን እንዲያወጣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በዝግታ እንዲዞር መተው ይሻላል።

ከጋራዥ የወጣ መኪና መዳኑ የሚታወቀው በዚያው ቀን አይደለም። በጧት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በላስቲኩ ዕቃ ላይ ውሃው የደረሰበትን ስፍራ በእርሳስ ምልክት ማድረግና ቀኑን በደብተር መጻፍ ነው፤ ከዚያ ወረታ ደርሶ መመለስ፤ በማግሥቱ ጧት እንደ ገና ማየት። ውሃው በምልክቱ ላይ ከተገኘ ሳምንቱን ሁሉ እንዲሁ ማየት፤ የጐደለ እንደ ሆነ ግን ደብተሩን ይዞ ወደ መካኒኩ መመለስ ነው።